አራዳ የገባው የአውስትራልያ ጠርሙስ

እኔ ውሸታም አልነበርኩም። ብቻ አንድን ነገር እንዳለ አንስቼ እንዳለ ማድረስ አይሆንልኝም፤ መንገድ ላይ ይወፍርብኛል። ማለዳ አንድ ጅብ ካየሁ፣ ሥራ ቦታዬ እስክደርስ ሰባት ይሆናሉ፤ ሰባተኛው ደግሞ ያነክሳል። አራዳ ይህን ጠባዬን አሳምሮ ያውቀው ነበር። በአንድ ግሪክ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ስሠራ፣ ሰው ወደኔ የሚመጣው ሱሪ ቸግሮት ሳይሆን ወሬ አምሮት ነው ይባል ነበር። ይህንንም ያስወራሁት እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ አርባን ተሻግሬ ሚስት አልነበረኝም። ልቤ ግን ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ጠጅ ቤት የነበራት አንዲት ሴት ዘንድ ከርሟል። ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ጠጇን ፈልገው ከእንጦጦ ማዶ በበቅሎ የሚመጡ ነበሩ፤ ሰውየው ቢሞት እንኳ በቅሎዋ ብቻዋን ትመጣለች እያልኩ አወራላት ነበር። ትስቃለች። ሲስቁልኝ ደግሞ ድፍረት ይሰማኛልና አንድ ቀን፣

«እሜቴ፣ ሽማግሌ ብልክ ምን ይሉኛል?» አልኳት።

ብርሌ ማጠቧን ሳታቋርጥ፣ «ሰውነትህን አልጠላሁትም» አለችኝ። «ግን የምትናገረውን ማን ይለይልኛል? ነገ አሞኛል ብትለኝ ላልቅስ ወይስ ልሳቅ? እስቲ መጀመሪያ አንድ እውነት ይዘህልኝ ና። አንድ ብቻ። ያን ቀን ሽማግሌህን ትልካለህ።»

አንድ እውነት! ለሌላው ሰው ይህ ምንም አይደለም። እኔ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ፈልጌ አጣሁ። የማገኘው እውነት ሁሉ ቀጭን ነው፤ ሴት ፊት ይዘውት የሚቀርቡት አይደለም።

በሦስተኛው ሳምንት ግሪኩ ከጅቡቲ በባቡር የመጣለትን አንድ ሣጥን በረንዳው ላይ ከፈተ። ጭዱን ገለጥ ገለጥ ሲያደርግ ስድስት ጥቁር ጠርሙሶች ተጋድመዋል። ወይን ጠጅ ለአራዳ አዲስ አይደለም፤ ከፈረንጅ አገር በበርሜል ሲገባ አይቻለሁ። ይህንን ግን ሰውየው ለክርስትና እንደሚወስዱት ሕፃን በሁለት እጁ ታቀፈው።

«ሙሴ፣ ምንድን ነው እሱ?» አልኩት፤ ፈረንጁን ሁሉ ሙሴ ነበር የምንለው።

«ይሄ የሚስቴ ወንድም ላከ። አውስትራልያ ሄደ፣ እዚያ ይሠራል» አለኝ። መኪናዬን ረግጬ አቆምኩ። አውስትራልያ የት እንደሆነች ስጠይቀው በጣቱ ወደ ወለሉ አመለከተ። ከህንድ ወዲያ፣ ከባሕሩ ሁሉ ወዲያ፣ የምድር ታችኛው ወገን። የወይኑ ባለቤቶች አንድ ሽማግሌና ሁለት ሴቶች ልጆቹ ናቸው፤ በዓመት የሚጠምቁት ይህ በረንዳ ከሚይዘው አይበልጥም። የወይኑ ዘር ሺራዝ ይባላል፤ እንዲለሰልስ ከሌላ ወይን ትንሽ ይቀላቅሉበታል። ግንዱን ግን የተከለው የሽማግሌው አባት ነው፤ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖት ቁመቱ ከሰው ወገብ አያልፍም።

«ያረጀ ዛፍ ፍሬው አያንስም እንዴ?»

«ያንሳል! በጣም ያንሳል! ለዚህ ነው ውድ የሆነው» አለ፣ እኔ ሞኝ እንደሆንኩ ሁሉ። «ወጣቱ ብዙ ያፈራል፣ ውሃ ውሃ ይላል። አሮጌው አምስት ዘለላ ይሰጣል፣ ያለውን ሁሉ እዚያ ውስጥ ያደርጋል። ሥሩ ሩቅ፣ ሩቅ ወርዷል።»

እኔ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር ፈጥሬ አላውቅም። ሥሩ የት ድረስ ይወርድ ይሆን? ከምድር ታች ያለ ዛፍ ሥሩ ወደ ታች ሲሄድ ወደኛ አይደል የሚመጣው? ይህን ሳሰላስል መርፌው የሌባ ጣቴን ከደንበኛ ሱሪ ጋር ሰፋው። እንግዲህ እውነቴ ተገኘ፤ ያውም ወፍራም እውነት። ሁለት ሱሪና አንድ ሰደርያ ልሰፋለት ተስማምተን አንዱን ጠርሙስ ሰጠኝ። ሲሰጠኝ ብዙ ምክር መከረኝ፤ እኔ ግን እንዴት አድርጌ እንደማወራው እያዘጋጀሁ ስለነበር አንዱንም አልሰማሁትም።

ጠጅ ቤቱ እስክደርስ ዛፉ ሦስት መቶ ዓመት ሞልቶት፣ ከጥላው ሥር አርባ ወታደር ከነፈረሱ ይቀመጥ ነበር። ይህንኑ በሞላው ጠጪ ፊት ተናገርኩ። እሷ አልሳቀችም። ጠርሙሱን አገላብጣ አየችውና፣

«ቅዳው እስቲ» አለች።

እዚህ ላይ ነው ጉዴ። በኛ አገር የሚጠመቅ ጠጅ በየቀኑ ካልተማሰለ አይነሣም። እኔም፣ ይህን ያህል ዘመን ተጋድሞ የኖረ መጠጥ መቼም መቀስቀስ አለበት ብዬ፣ ጠርሙሱን በሁለት እጄ ይዤ እንደሚናጥ ቅል ናጥኩት። ክንዴ እስኪዝል ናጥኩት! ከዚያ ቡሹን በካራ ፈልቅቄ ብርሌው ላይ ቀዳሁ።

በቤቷ ለሰው የሚቀርበውን ሁሉ አስቀድማ የምትቀምሰው እሷ ናት፤ የአሳላፊ ወግ ነው። ከብርሌው መዳፏ ላይ ጠብ አደረገችና ወደ አፏ ልትወስድ ስትል ቆመች። መዳፏ ላይ ጥቁር ደቃቅ ተበትኗል። ብርሌውን ወደ ብርሃን ብታነሣው እንደ ክረምት ወንዝ ደፍርሷል።

«አተላ» አለች በቀስታ።

ጠጅ ለምትጥል ሴት አተላ ማቅረብ በጥፊ ከመምታት ይብሳል።

«እሜቴ፣ ይሄ እኮ...»

«ሰው በገዛ ቤቴ የጋን ቂጥ ሲቀዳልኝ ዛሬ አየሁ። ውጣልኝ!»

አንዱ ጠጪ ከጥግ፣ «አርባው ወታደር እግሩን የታጠበበት ነው!» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ እኔ ብሆን ፈረሶቹንም እጨምር ነበር። የዚያን ቀን ግን የሚሳቅብኝ እኔ ነበርኩ። ጠርሙሱን እንኳ ሳላነሣ ወጣሁ።

ግሪኩ ሲሰማ ፀጉሩን ያዘ። «ናጥከው? አንተ ሰውዬ፣ ናጥከው? አሮጌ ወይን ዝቃጭ አለው! አንድ ቀን አቁመው፣ ቀስ አድርገህ ቅዳው አላልኩህም?» ብሎኝ ኖሯል። ለመሰፋት ከመጡት ሱሪዎች በዚያ ሰሞን ቀጥ ያለ ስፌት የነበረው የለም።

በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ በረንዳውን ስትሞላው፣ አንድ ነጠላ ፊቴ ቆመ። እሷ ናት። ጠርሙሱን ይዛለች፤ ግማሹ አለ።

«ለባለ ሱቁ መልሼ ላሳፍረው ብዬ መደርደሪያ ላይ አቁሜው ነበር» አለች። «ዛሬ ባየው ጠርቷል። ማንም ሳይነካው በራሱ ጠራ። የተበላሸ መጠጥ ደግሞ በራሱ አይጠራም፤ ይህን እኔ አውቃለሁ። ስለዚህ ቀመስኩት።»

«እና?»

ዓይኗ ላይ የነበረው ቁጣ ሳይሆን፣ እኔው ራሴ ጣቴን የሰፋሁበት ቀን የያዘኝ ዓይነት ግርምት ነው። ወደ በሩ ለመጣው ግሪክ ጥያቄዋን አዥጎደጎደችለት። «ማር የለው፣ ጌሾ የለው፣ እንዴት ነው ምላስ የሚይዘው? ቁንዶ በርበሬ ጨምረውበታል?» ምንም፣ አለ፤ ወይን ብቻ። «እንግዲያ ቁንዶ በርበሬው ከየት መጣ?» ከአፈሩ ይሆናል፣ ከእርጅናው ይሆናል፣ ማንም አያውቀውም አላት።

ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ዛፉ ስንት ዓመቱ ነው?»

ሦስት መቶ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አርባውም ወታደር ከኋላ ተሰልፏል። ዋጥኩት፤ ድንጋይ የመዋጥ ያህል ነው።

«ሰባ» አልኳት። «ጥላም የለው። ቁመቱ እስከ ወገቤ ቢደርስ ነው።»

ግሪኩን አየችው።

«ሰባ ስድስት» አለ እሱ ቅር ብሎት።

እሷ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። «ዛሬስ ቀነስክ!» አለችኝ። በዕድሜዬ አንድን ነገር አሳንሼ ስናገር ያ መጀመሪያዬ ነው፤ መጨረሻዬም ነው። ጠርሙሱን ነጠላዋ ሥር መልሳ ከተተችና ደረጃውን ስትወርድ፣

«ሽማግሌዎችህን ለእሑድ ላካቸው» አለች። «ግን እንዳንተ ያሉ እንዳይሆኑ። ስለ አንተ የሚናገሩትን ማመን እፈልጋለሁ።»

እሑድ እስኪደርስ አራዳን ከላይ እስከ ታች ዞርኩት። የማያጋንን ወዳጅ አንድ እንኳ እንደሌለኝ ያወቅሁት ያን ሳምንት ነው። በመጨረሻ ግሪኩ ኮቱን ለብሶ፣ «እኔ እሄዳለሁ» አለ። «አማርኛዬ ጥቂት ነው፤ ብዙ መዋሸት አልችልም።»