ተፈቷል የተባለው ቦይ

መንገድ እንሠራለን ያሉ ሰዎች ደጃፋችንን እንደ መቃብር ቆፍረው ሄዱ። ቱቦ ይቀበርበታል ተብሎ ነበር፤ ቱቦውም ሰዎቹም አልተመለሱም። እኔ በተጋደሙ አጣናዎች ላይ እሻገራለሁ። ባለቤቴ ግን እግሮቹ ከከዱት ቆይቷል። ባጃጅ ደጃፍ ካልደረሰለት ሆስፒታል የሚሄድበት መንገድ የለውም፤ ቀጠሮው ደግሞ እየቀረበ ነበር።

«ግሩፑ ላይ ይለጥፉት እንጂ፣ እትዬ» አለችኝ የፊት ለፊት ጎረቤቴ። ፀዳ የሚባለው ሰፈራችን ሰዎች መብራት ሲጠፋ፣ ቆሻሻ ሲከመር ፎቶ የሚለጥፉበት የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው። የምትመራው እሷ ናት።

ይህችን ሴት አውቃታለሁ። ከዓመታት በፊት ውሃ ለሳምንታት ሲጠፋብን ሴቶቹን የሰበሰበችው እሷ ነበረች። «ነጠላችንን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቀን ቀበሌው ቢሮ ደጃፍ እንቀመጥ» አለች። ሐሳቡ ሸጋ ነበር። ጠዋት አዘቅዝቀን ስንወጣ የእሷ በር አልተከፈተም። አንኳኳን።

«አሞኛል» አለች ከውስጥ።

እኛ ፀሐይ ላይ ዋልን፤ ተሰደብን፤ ስማችን ተመዘገበ። ውሃው ሲለቀቅ ግን ጀሪካኗን ይዛ ከፊት ተሰለፈች። ስለዚያ ቀን ተናግራ አታውቅም፤ እኔም አልጠየቅኋት።

ፎቶውን ያነሳችኝ እሷ ናት። ጥልቀቱ እንዲታይ ብላ ጠርዙ ላይ አቆመችኝ። ሳንጃ ከተማ ትኖር የነበረችው እህቴ በቅርቡ አርፋ ስለነበር ነጠላዬ የተዘቀዘቀ ነበር። ጎረቤቴም ከፎቶው ሥር «የእትዬ ባለቤት ነገር ያሳዝናል፤ እንድረስላቸው» ብላ ጻፈችበት። የተዘቀዘቀ ነጠላና አዲስ ጉድጓድ ያየ ሰው ሌላ ምን ይላል? «ነፍስ ይማር» ብለው ጻፉ። ከሰዓት በኋላ የእድራችን ወንዶች ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ተሸክመው መጡ።

«ምነው፣ መቼ ዐረፉ?» አሉኝ።

«ማን?»

ባለቤቴ ከውስጥ ሰማቸው። «እኔን ከሆነ ገና ነኝ! ቸኩላችሁ ከሆነ ግን ተቀመጡና ጠብቁ፣ ሩቅ አይደለም!»

ሳቁ፤ አፈሩም። በቀጠሮው ቀን እነዚያው ወንዶች በቃሬዛ አድርገው ቦዩን አሻገሩት፤ መልሰውም አስገቡት። እግዜር ይስጣቸው። ጎረቤቴ ይህንንም ፎቶ አነሳች። «ችግሩ በማኅበረሰባችን ርብርብ ተፈቷል» ብላ ለጠፈችው። ምስጋናው ለእሷ ጎረፈ።

«የቱ ነው የተፈታው?» አልኳት።

«አንድ ቀን እንኳ ሰው ደስ ይበለው እንጂ፣ እትዬ።»

ባለቤቴ ወደ አልጋው ሲመለስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «ከእንግዲህ በሰው ትከሻ የምወጣው አንዴ ብቻ ነው» አለኝ። የሚቀጥለው ቀጠሮ አለፈው።

ያኔ አብረውኝ የተቀመጡትን ሴቶች በየቤታቸው ሄጄ እንሂድ አልኳቸው። አንዷ «ግሩፑ ላይ ተፈቷል ይላል እኮ» አለችኝ። ሌላዋ በሯን ዘጋ አድርጋ «በዚህ ጊዜ?» አለች። አልፈርድባቸውም፤ ዛሬ ደጅ መቀመጥ እንደ ያኔው በስድብ ብቻ አያልፍም። ጎረቤቴ ላይ ግን እፈርዳለሁ። ደጃፉ ላይ የተቀመጠችን ሴት ሹሙ ለመግባት መሻገር አለበት፤ ፎቶን ግን በጣቱ ገፋ ያደርገዋል። ይህን ከማንም በፊት የምታውቀው እሷ ናት፤ ለዚህም ነው ፎቶውን የምትወደው።

ወደዚያው ቢሮ ብቻዬን ሄድኩ። የቢሮው ሰውዬ በአክብሮት አስቀመጠኝ። ስልኩን ከፍቶ ባለቤቴ በቃሬዛ ቦዩን ሲሻገር የሚያሳየውን ፎቶ አሳየኝ።

«ይኸው፣ እናቴ፤ ተሻግረዋል አይደል?»

ምን እንደመለስኩለት አልጽፍም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ነቅቶ ነበር። «ምን አሉሽ?»

«ይሠራል አሉ።»

አላመነኝም። መድኃኒቱ ያለቀበትን ዕቃ ከራስጌው አነሳሁና እንዳያየው ጓዳ አስገባሁት።