ዝግ ብሎ የሚመጣ ለውጥ

የሳይንስ መምህር ሆኜ መካነ ሰላም ስመደብ ድርቁ ካለፈ ብዙ አልቆየም፤ አብዮቱ ገና ትኩስ ነበር። ሁሉን በቅደም ተከተል ማስረዳት እወድ ነበር። አርእስት ጽፌ ከሥሩ ሳላሰምር ትምህርት ጀምሬ አላውቅም።

የስምንተኛ ክፍል መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው። «ኢቮሉሽን» ላይ ስንደርስ ተማሪዎቹ ፈዘው አዩኝ። በአማርኛ ልፍታላቸው ብዬ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ «እውነተኛ ለውጥ በድንገት አይመጣም። ዝግ ብሎ፣ በብዙ ዘመን ይመጣል።» ከዚያ ስለ ገብስ አወራን፤ በድርቁ የትኛው ዘር እንደጠፋ፣ የትኛው እንደተረፈ እነሱ ከእኔ ይበልጥ ያውቁ ነበር። መጨረሻ ላይ ስለ ጭላዳ ዝንጀሮና ስለ ሰው አነሳሁ።

አመሻሹ ላይ የአንዷ ተማሪ አባት፣ የደብሩ መሪጌታ፣ ደጄ ድረስ መጡ።

«አንተ ልጅ፣ አያትህ ዝንጀሮ ነው አሉ?»

«የለም መሪጌታ፣ እንደሱ አይደለም። በጣም በሩቅ ዘመን...»

«ሩቅም ይሁን ቅርብ፣ የኔን ልጅ ከዘርህ አታስገባት!»

ከዚህ የባሰ የሚመጣ አልመሰለኝም።

በማግስቱ ክፍሌ ስገባ የወረዳው ካድሬ ሰሌዳው ፊት ቆሟል። ጽሑፉን አላጠፋሁትም ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ከእሱ አፍ ስሰማው ሌላ ነገር ሆነ። ያኔ «ለውጡ» ሲባል አብዮቱ ማለት ነው፤ የመጣውም በድንገት ነው።

«አብዮቱን ትተህ ጥገናዊ ለውጥ ነው የምትሰብከው፣ ጓድ መምህር? ቅዳሜ ሕዝቡ ፊት ታስረዳለህ።»

ማስረዳት የምወደው ነገር ነበር። ነገር ግን ከእኔ በፊት «ታስረዳለህ» የተባለው የጂኦግራፊ መምህር በጭነት መኪና ወደ ደሴ ተወስዶ አልተመለሰም። እስከ ቅዳሜ መኪና በጮኸ ቁጥር ጠመኔ ከእጄ ይወድቅ ነበር።

ቅዳሜ ገበያተኛው ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። ካድሬው ጠረጴዛ አስወጥቶ ተቀመጠ፤ እኔ ፊቱ ቆምኩ።

«ይህ የተፈጥሮ ትምህርት ነው...» ብዬ ጀመርኩ።

«ተፈጥሮን ተወው። ለውጥ ዝግ ይላል ብለሃል፣ አላልክም?»

ያን ጊዜ መሪጌታ ከሕዝቡ መሃል ሲነሱ አየሁ። አለቀልኝ አልኩ።

«ጓድ፣ ይሄ ልጅ ስለ መንግሥት አንድም ቃል አልተናገረም። ያስተማረው ስለ ዝንጀሮ ነው! ሰው የዝንጀሮ ዘመድ ነው ብሎ ልጄን አሳስቷታል፤ ደጁ ድረስ ሄጄ ተጣልቼዋለሁ። የምንከሰው ከሆነ በዝንጀሮው እንክሰሰው!»

አንድ ጥምጥም ያሰሩ ሽማግሌ ከወዲያ ተቀበሏቸው፦ «ወላሂ፣ ዘመዶቹ ከሆኑማ ገብሴን ፈጁት! ይሂድና ይምከርልኝ!»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ካድሬውም ሳቁ አመለጠው፤ ቶሎ ብሎ ግን ፊቱን ሰበሰበ። ሰው ከዝንጀሮ መጣ የሚለው እሱ ለመምህራኑ በሚያስጠናን የማርክሲዝም ንቃት ትምህርት ውስጥም ስለነበረ ሊያወግዘው አልቻለም።

«ዝንጀሮውን አስተምር» አለኝ። «ለውጥ የሚለውን ቃል ግን ሁለተኛ ሰሌዳ ላይ እንዳላየው።»

ሕዝቡ ሲበተን መሪጌታ ወደ እኔ ሳይዞሩ በአጠገቤ አለፉ። «ለዝንጀሮህ ብዬ እንዳይመስልህ» አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ ልላቸው ስል ከሚበተነው ሕዝብ ጋር ሄዱ።

ሰኞ አዲስ ምዕራፍ ጀመርን። መጽሐፉን ስገልጥ አርእስቱ በአማርኛ ሲፈታ «አካላዊ ለውጥና ኬሚካዊ ለውጥ» ማለት ነው። ጠመኔውን አነሳሁ። በመስኮቱ በኩል የቦት ጫማ ኮቴ ተሰማኝ፤ የማን እንደሆነ ዞሬ አላየሁም።

«ዛሬ» አልኳቸው፣ «በረዶ እንዴት ውሃ እንደሚሆን እንማራለን።»

የመሪጌታ ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ አርእስቱን ምን ብለን እንጻፍ?»

የአርእስቱን ቦታ ባዶ ትቼ ከሥሩ አሰመርኩ።