ቦራን ለማስቀጠር ወደ ደራ

ጠዋት፣ አዳማ

ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቱ ሁሉ ዘንቢሉን ይዞ ወደ ገበያ ሲወጣ እኔ ጋሪዬን ጠምጄ ወደ ደራ ተነሣሁ። የጉዞው ዓላማ ፈረሴን ሥራ ማስቀጠር ነው። ብትስቁ አልቀየምም፤ ባለቤቴ አስካለም በር ላይ ቆማ እየሳቀች ነው የሸኘችኝ።

“ሁለት ጡረተኞች!” አለች። “ለመሆኑ ማነው ማንን የሚወስደው?”

ነገሩ እንዲህ ነው። ዕድሜ ልኬን ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ስወጣ ጋሪ ገዛሁ። ልጆቼ “ቲቸር ባለጋሪ ሆነ ሊባልብን ነው” ብለው አኮረፉኝ። እኔ ደግሞ በካርታ ሳሳይ የኖርኩትን አገር በጎማ ልዞረው አማረኝ። እውነቱን ልናገርና መንገዱን የሚያውቀው ፈረሴ ቦራ ነበር፤ ግንባሩ ላይ ባለው ነጭ ምልክት ነው ስሙን ያገኘው። እኔ ከኋላው ተቀምጬ ሒሳብ የምቀበል ረዳቱ ነበርኩ። እንዲያውም አንድ ቀን እንቅልፍ ወስዶኝ ስነቃ ተሳፋሪው ሁሉ በየሰፈሩ ወርዷል፤ ሒሳቡ ጭኔ ላይ ተቀምጧል።

ኋላ ባጃጅ መጣ። ጋሪ ከአስፋልቱ ወረደ፣ ከኮብልስቶኑም ወረደ፣ በመጨረሻ እኛ ግቢ ገብቶ ቆመ። ቦራም አረጀ። አሁን ደግሞ ልጄ ሰናይት ጋጣውን አፍርሳ የሚከራዩ ክፍሎች ልታሠራ ነው፤ ግንበኞቹ ሰኞ ይገባሉ። አልፈርድባትም፤ ጋጣ ኪራይ አይከፍልም።

ያረጀ የጋሪ ፈረስ መጨረሻው የታወቀ ነው። አስፋልት ዳር ይለቀቃል። ቀኑን በመኪና ጡሩምባ መሐል ቆሞ ይውላል፤ አንድ ሌሊት ጅብ ይጨርሰዋል። እንደዚያ የቆሙ ፈረሶች ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ፤ እነሱ ግን ያወቁኝ ይመስለኛል።

ታዲያ ሰሞኑን አንዲት ጎረቤታችን ከደራ ወጣ ብሎ አንድ የፈረስ እርሻ እንዳለ ነገረችኝ። እግርና ወገባቸው እንቢ ያላቸውን ልጆች ፈረስ ላይ እያስቀመጡ ያክማሉ፤ አሁንም ረጋ ያለ ፈረስ ይፈልጋሉ አለች። ደወልኩ።

“ዕድሜው ስንት ነው?” አለች ስልኩን ያነሣችው ሴት።

“የኔ ወይስ የፈረሱ?”

ስቃ ስታበቃ “ይምጡና እንየው” አለችኝ።

ረፋድ፣ ከአዳማ እስከ መልካሳ

ቦራ አንድ አመል አለው። እጁን ያነሣ ሰው ካየ ይቆማል። እንጀራችን ነበርና እኔ ነኝ ያስለመድኩት። ከተማው መውጫ ላይ አንድ ትራፊክ ፖሊስ አይሱዙ ሊያስቆም እጁን አነሣ። አይሱዙው ሽው ብሎት አለፈ፤ ቦራ ቀጥ አለ።

“አባባ፣ እርስዎን አይደለም! ይለፉ!” እያለ ፖሊሱ እጁን ያወዛውዛል። እጁ ሲወዛወዝ ቦራ ይብስ ቆመ።

“ልጄ፣ እጅህ እስካልወረደ ድረስ አይሄድም።”

“ምን?”

“እጅህን አውርድልኝ።”

ግራ ቀኙን አየና እጁን ኪሱ ከተተ። ተጓዝን። በዚያ መንገድ ላይ ሕግ ያከበረ ተሽከርካሪ እኛ ብቻ ነበርን።

ወዲያ ወዲህ ግራር የበቀለበት፣ ንፋሱ አመድ የመሰለ አቧራ የሚያነሣበት ሜዳ ነው። ወደ አዋሽ ስንቃረብ አረንጓዴው ይጀምራል፤ የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ፣ ጥላ ሥር የተከመረ ፓፓያ። ቦራ ለሦስት መንገደኞች ቆመ፤ እኔም “አይሆንም” ማለት አፍሬ ጫንኳቸው። አንዷ አውራ ዶሮ የታቀፈች እናት ናት፤ ሀደ ቶላ፣ የቶላ እናት፣ እባላለሁ አለችኝ።

“አካም ጅርቱ፣ ጋሼ? ፈረሱን ወዴት ነው? ታሞ ነው ሐኪም ጋ?”

“ፈየዳ፣ ደህና ነኝ። አይ፣ እሱ ራሱ ሐኪም ሊሆን ነው።”

ዶሮዋን እንደታቀፈች ቦራን ከጭራው እስከ ጆሮው አየችው። “ይሁን እንጂ” አለች፤ “ከኛ መንደር ሐኪም እሱ ይሻላል፤ ቢያንስ አይቆጣም።”

የአዋሽን ድልድይ ተሻግረን መንገደኞቹ መልካሳ ሲወርዱ እኛም አረፍን። ቦራን ፈትቼ አጠጣሁት፤ እኔም በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ አዘዝኩ። ሐኪሜ ቅቤ ከልክሎኛል፤ እሱ ግን ያለው አዳማ ነው። ሒሳቡ ከሆዴ በላይ ከበደኝ እንጂ ምግቡ ግሩም ነበር። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ አርሲ በኩል ቀስ እያለ ይወጣል። ቦራ ማለክለክ ሲጀምር ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ጥቂት እንደሄድን እኔ ማለክለክ ጀመርኩ። ለኔስ ማን ይውረድልኝ?

ከቀትር በኋላ፣ ከደራ ወጣ ብሎ

እርሻው በቁልቋል አጥር የተከበበ ሰፊ ግቢ ነው። በስልክ ያናገረችኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ጫልቱ፣ ቦቲ ጫማዋን እንዳጠለቀች ወጥታ ተቀበለችኝ። የፈረሶቹ ኃላፊ ኦቦ ገመቹ የእኔ እኩያ ነው፤ ሰላም ከማለቱ በፊት የቦራን ሰኮና አንሥቶ አየ።

ጫልቱ ሥራቸውን ስታስረዳኝ፣ “ፈረስ ሲራመድ የተቀመጠበትን ሰው ወገብ ልክ ሰው ሲራመድ እንደሚወዛወዘው ያወዛውዘዋል” አለች። “ሄዶ የማያውቅ ልጅ ወገቡ መሄድን ይለማመዳል።” ይህን የመሰለ ነገር ሰምቼ አላውቅም፤ ለዚያ ሁሉ ዘመን ፈረስ ያለኝ ሰው ነኝ።

ነዋሪዎቹን አስተዋወቀችኝ። ሎሚ የምትባለው ቢጫማ ባዝራ ትልቋ ናት፤ ቆማ ታንቀላፋለች። ፖኒ የሚሏቸው አጫጭሮቹ ሁለት ናቸው፤ ስም ያወጡላቸው ልጆቹ ናቸው። ድንች ድብልብል ነው፤ የትኛው ፊቱ የትኛው ኋላው እንደሆነ ለማወቅ ጭራ መፈለግ ያሻል። ቃሪያ ቀጭንና ቀበጥ ናት፤ እጇን ሳትታጠብ ባርኔጣዬን ከራሴ አንሥታ ጠርዙን ቀመሰችና ተፋችው። የሰው ቆብ ተቀምሶ ይተፋል እንዴ?

“እሷ ያረጀ ነገር አትበላም” አለኝ አንድ ድምፅ።

ኢፍቱ ናት፤ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እግሮቿ አይታዘዟትም፤ ምላሷ ግን ለአራት ሰው ይበቃል። ለፖኒዎቹ ረዝማባቸዋለች፣ ሎሚን ደግሞ ወረፋ ይዘው የሚጠብቋት ብዙ ናቸው። ስለዚህ ቦራን የምትጠብቀው ከኔ ባልተናነሰ ነበር።

ፈተናው ተጀመረ። ጫልቱ ጃንጥላ አምጥታ ቦራ አፍንጫ ሥር ድንገት ዘረጋችው። ቦራ ንቅንቅ አላለም። የዘለልኩት እኔ ነኝ።

“ፈረሱ አልፏል፤ አባባ ወድቀዋል” አለች ኢፍቱ።

ኳስ በእግሩ መሐል አንከባለሉ፣ የብረት ሳፋ ከኋላው ጣሉ። ቦራ አዛጋ። የአዳማን መናኸሪያ ጩኸት የለመደ ፈረስ በሳፋ ይደነግጣል? ደረቴ ተነፋ፤ እኔ ያዛጋሁ ያህል ኮራሁ።

ከዚያ ኢፍቱን ከፍ ካለው መሳፈሪያ ላይ አስቀመጧት። ገመቹ ይመራል፣ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይደግፏታል። ቦራ ዕንቁላል እንደተሸከመ ተራመደ። ጫልቱ ከፊት ቆማ፣ “ጎበዝ! አሁን እጆችሽን እንዲህ ወደ ላይ!” ብላ የራሷን እጆች አነሣች።

ቦራ ቆመ።

ሳቅን። እንደገና አስነሡት። አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡት ልጆች “እኛም! እኛም!” ብለው እጃቸውን አነሡ፤ ቆመ። አንዲት እናት ለልጇ እጇን አወዛወዘች፤ ቆመ። አራተኛው ላይ የሚስቅ ሰው ጠፋ።

ጫልቱ ቀስ ብላ መጣች። “ጋሼ፣ ፈረስዎ ወርቅ ነው። ግን መድኃኒቱ እርምጃው ነው፤ ሳይቆራረጥ መሄድ አለበት። እዚህ ቀኑን ሙሉ እጅ ይነሣል። በየእጁ የሚቆም ከሆነ…”

“ለተሳፋሪ እንዲቆም እኔ ነኝ ያስለመድኩት፤ ቀስ በቀስ ይተወዋል” አልኩ።

ገመቹ ራሱን ነቀነቀ። “ያረጀ አመል አይለቅም፣ ኦቦ” አለኝ፤ ክፋት አልነበረውም።

ዓይኔ ላይ የመጡብኝ የሰኞዎቹ ግንበኞች ናቸው፤ ከነሱ በኋላ ደግሞ አስፋልቱ። ልጓሙን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ።

“ኢፍቱ፣ ነይ እናውርድሽ።”

“አልወርድም! ጥያቄ አለኝ።”

“ኢፍቱ!”

“አባባን ነው የምጠይቀው። በገበያ ቀን ሰው ሁሉ እጁን ያነሣል አይደል? ጋሪዎ ሞልቶ ሳለ እየቆመ ከሆነ እንዴት ነበር የሚደርሱት?”

“ኧረ ሲሞላማ አይቆምም! ‘ሞልቷል!’ ስለው…”

ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ሞልተን ስለማናውቅ ቃሉን እኔም ረስቼው ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩንም አልጨረስኩም። ቦራ ቃሉን ሰምቶ ተነሣ፤ ገመቹ በልጓሙ ተጎትቶ ሊወድቅ ነበር። ጫልቱ ሮጣ ፊቱ ሄደችና እጇን አነሣች። ጆሮዎቹ ወደ እሷ ዞሩ፣ እርምጃው ቀዘቀዘ፤ ሊቆም ነው።

“ሞልቷል!” ብላ ጮኸች ኢፍቱ ከላይ።

ቦራ በጫልቱ አጠገብ አለፈ። ታውቁታላችሁ ያንን አረማመድ? ዝናብ ሲያካፋ፣ ሰው መንገድ ዳር ተሰልፎ ሲለምነው፣ ሙሉ ጋሪ እየጎተተ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚያልፍበት ነው። አግዳሚው ላይ ያሉት ልጆች በሙሉ እጃቸውን እያነሡ “ሞልቷል! ሞልቷል!” ይላሉ። አንዱ ልጅ ቃሉ ተሰብሮ ነው የሚወጣለት፤ ለቦራ ግን በቃው። ሜዳውን ዞረ፣ ደገመ፣ አንድም ቦታ አልቆመም። ጀርባው ላይ ያለችው አንዲት ቀጭን ልጅ ናት፤ ለሱ ግን ሞልቶ ነበር።

“አየሽ ጫልቱ?” አለች ኢፍቱ ስትመለስ። “ወገቤን ቀጥ አድርጌ ነበር፤ ማንም አልያዘኝም!” ያዟት የነበሩት ሁለት ሰዎች ለካ መቼ እንደለቀቋት ራሳቸውም አላወቁም።

ጫልቱ ዓይኗን ጠርጋ ወደኔ ዞረች። “ለአንድ ወር በሙከራ እንይዘዋለን። ከልጆቹ ጋር ከተስማማ እዚሁ ይጦራል።”

“ካልተስማማስ?”

“ካልተስማማ እደውልልዎታለሁ” አለች። ያላመነችበትን ቃል የምትሰጥ ሴት አለመሆኗን ወደድኩላት። ከዚያ ወደ ዳር ወስዳ አንድ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ፤ እሱን ቤት ስገባ እነግራችኋለሁ።

ለመሰናበት ወደ ጋጣው ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ጥሩ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ቦራ ከሎሚ ጋር ከአንድ ገንዳ ገፈራ እየበላ ነው፤ ቀና ብሎ አየኝ፣ አኘከ፣ ተመልሶ አቀረቀረ። ንግግሬን ለድንች አደረግሁለት። ጋሪዋም እዚያው ቀረች፤ ገመቹ ድርቆሽ ሊያመላልስባት ነው።

ሲመሻሽ፣ ቤት

በሚኒባስ ተመለስኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት የፈረስ ሽታዬን ችሎ እስከ መልካሳ ደረሰ፤ ከዚያ መስኮት ከፈተ። ስሄድ ግማሽ ቀን የፈጀብኝን አገር አንድ ዘፈን ሳያልቅ አሳለፉኝ፤ ዶሮ የታቀፈ ሰው ግን አላየሁም።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርክ ብትሉኝ፣ ገመቹ ልክ ነው፤ ያረጀ አመል አይለቅም። እኔም ስልሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ዝም ማለት ልማር ብዬ ሞክሬ ታምሜያለሁ። ግን አመሉን ይተው ሳይል፣ “ከዚህ አመል ጋር እንዴት ይኖራል?” ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ይበቃል። ያ ሰው ዘጠኝ ዓመቱ ሊሆን ይችላል።

አስካለ በር ላይ ጠበቀችኝ። “ተቀበሉት?”

“ለአንድ ወር በሙከራ።”

ጋጣው ደጃፍ ሄዳ ባዶውን አየች። ‘ይሄ ፈረስ ካልወጣ እኔ እወጣለሁ’ ስትል የከረመች ሴት ናት። “ደረቅ ገብስ እንደሚያስለው ነገርካቸው? ጭድ ይቀላቅሉለት!”

“ነግሬያቸዋለሁ።”

ከደጃፉ ተመለሰችና፣ “ፈረሱስ ሥራ ያዘ። አንተስ?” አለች።

“እኔም ይዣለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከፈረሱ ጎን እየሄድኩ ልጆቹን እደግፋለሁ። ቀስ ብሎ የሚሄድና ሳይሰለች የሚያወራ ሰው ቸግሯቸዋል አሉ።”

ሳቋ እስኪያልፍ ጠበቅሁ።

“በቋሚነት ነው?”

“አይ፣ እኔንም ለአንድ ወር ያዩኛል።”

አስካለ ነጠላዋን አስተካከለች። “እንግዲያውስ አደራህን” አለችኝ፤ “እሱን እንዳታሳፍረው።”