ማንም የማይቆምበት ፌርማታ

ባሌ ሚልክያስ በያጅ ነው። ሥራ ካጣ አያርፍም፤ ሥራ ካገኘ ደግሞ እኔን አያሳርፈኝም። ጂንካ ውስጥ መንገድ ሲሠራ ፌርማታዎቹን እሱ ነድፎ እንዲበይድ ተሰጠው፤ በደስታ ዘለለ። እኔ ግን የመጀመሪያው የት እንደሚቆም ስሰማ ደሜ ፈላ። አቮካዶ የምሸጥበት ማዕዘን ላይ!

«አንተ ሰውዬ፣ በገዛ እጅህ ልታስነሳኝ ነው?» አልኩት። ብየዳው አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም፤ ልጆቻችን የሚበሉት ከዚያች ማዕዘን ነው።

እሱ ግቢያችን ውስጥ ፌርማታውን በልኩ በአመድ ያሰምራል፣ ጎረቤት ጠርቶ ያቆምበታል፣ ይደመስሳል፣ እንደገና ያሰምራል። ሲንቆራጠጥ ራሴን አዞረኝ። በመጨረሻ የሥራውን ኃላፊ አቶ ተፈሪን «እዚያ ከሆነ መኪና መታጠፊያ ያጣል» ብሎ አሳመናቸውና ፌርማታውን ከእኔ አርቆ ወደ ታች አወረደው። «ይኸው፣ ተረፍሽ» አለኝ። እሰይ፣ ተገላገልኩ አልኩ።

ምን ዋጋ አለው! እዚህ አገር ሚኒባስ የሚቆመው ሰው የቆመበት ነው፤ ሰው ደግሞ የሚቆመው እኔ ጋ ነው። የኦሞራቴውም የአርቦሬውም ተሳፋሪ አቮካዶ እየበላ ሲያወራ ይውላል። አዲሱ ፌርማታ ላይ ፍየል ተኛበት።

አቶ ተፈሪ መጡና «ሰዉን የያዝሽብን አንቺ ነሽ፤ ሰኞ ትነሻለሽ» አሉኝ።

«ላድንሽ ብዬ ገደል ከተትኩሽ» አለ ሚልክያስ። እህል አልቀምስ አለ፣ ከበር ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ በር። አናደደኝም፣ አሳዘነኝም።

ሰኞ በጠዋት ቅርጫቴን አንስቼ ወደ ታች ወረድኩ። ፍየሏን አባረርኩና ፌርማታው ውስጥ ዘረጋሁ። ደንበኞቼ «ናርዶስ የት ገባች?» እያሉ መጡ፤ ሚኒባሱም ተከተላቸው። ፀሐይ ሳይከር አግዳሚው ሞላ።

አቶ ተፈሪ ሊያስነሱኝ ቢመጡ ማዕዘኑ ባዶ ነው። ወደ እኔ ወረዱ። ሚልክያስ ከኋላቸው ቆሞ ጥፍሩን ይበላል።

«ሰው ፈልገው አልነበር? ይኸው አመጣሁልዎ!» አልኩ። አፌ ደፋር ነው እንጂ፣ ከዚህም ካስነሱኝ የት እገባለሁ?

አቶ ተፈሪ ተሳፋሪውን አዩ። ከዚያ ልጅ ያዘለች ሴት ቆማ ስትጠብቅ አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ቅርጫትሽን ትንሽ ወደ ጥግ ጠጋ አድርጊው እንጂ፤ እሷም ትቀመጥ» አሉ።

ጠጋ አደረግኩት። እንባዬ የመጣው ያኔ ነው።