አንጓች ከኋላዬ ሳለች

ዝናብ ባራሰው ሲሚንቶ ላይ ኳስ ሲነጥር የሚያሰማው ድምፅ ደረቅ ሜዳ ላይ ከሚያሰማው ይለያል፤ ወፈር፣ ለጠፍ ይላል፣ ከመሬቱ ለመላቀቅ የሚያመነታ ይመስላል። ባለፈው ሰሞን ከሥራ ስመለስ በአንድ ትምህርት ቤት አጥር ጥግ ሳልፍ ይህን ድምፅ ሰምቼ ቆምሁ፤ ጉልበቴ በራሱ ጊዜ እጥፍ፣ እጆቼም ግራና ቀኝ ዝርግት ሲሉ አንድ የባጃጅ ሾፌር የጠራሁት መስሎት አጠገቤ ቆመና «የት ልውሰድሽ እታለም?» አለኝ። ሳላስበው ገብቼ ተቀመጥሁ። ቤቴ ለመድረስ የቀረኝ ሁለት መታጠፊያ ብቻ ነበር።

አባቴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር። እኔ ዘጠነኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አቋቁሞ እኔንም ጨመረኝ። ችግሩ ማናችንም ኳሱን ቀለበቱ ውስጥ መክተት አለመቻላችን ነበር፤ አንዳንዴ ከገባልን እኛው ራሳችን ደንግጠን እርስ በርስ እንተያይ ነበር። አባቴ ሁለት ሳምንት ያህል ካየን በኋላ ሰብስቦን፣ «በቃ፣ ማግባቱ ካልሆነልን እንዳይገባብን እናደርጋለን፤ ማግባት ተሰጥኦ ይፈልጋል፣ መከላከል ግን የሚፈልገው ፈቃድ ብቻ ነው» አለን። እኔም አመንሁት። መቼም አባት፣ ያውም ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲናገር፣ የማያምን ልጅ የለም።

አንጓች ወደ ቤታችን የመጣችው በዚያው መስከረም ነው። የአባቴ ታላቅ እህት የእትዬ ጠጅቱ ልጅ ነበረች፤ ስምንተኛ ክፍልን ቁይ በምትባለው ትንሽ ከተማ ጨርሳ እኛ ዘንድ እየኖረች እንድትማር እናቷ ላከቻት። በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች፣ ትከሻዋ ሰፊ ነው፣ ንግግር አታበዛም፣ አልጋ የምትጋራውም ከእኔ ጋር ነበር። ኳስ ነክታ አታውቅም። አንድ ቀን እናቴ ግቢ ውስጥ ብቅል አስጥታ እንድትጠብቅ ብትነግራት፣ አንጓች በትር እንኳ ሳትይዝ ዶሮዎቹ ወደ ቀኝ ሲሉ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲሉ ወደ ግራ በጎኗ እየተራመደች አንዲት ፍሬ ሳታስነካ ዋለች፤ አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሲያያት ቆየና ከት ብሎ ስቆ፣ «አንጓች፣ ነገ ከስመኝ ጋር ሜዳ ትመጫለሽ» አላት ወደ እኔ እየጠቆመ። «እሽ ጋሼ» አለች፣ ለምን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሜዳ ሆነ። ማታ ከእራት በፊት ሁለታችንም ጉልበታችንን አጥፈን፣ እጃችንን ዘርግተን፣ ከጓዳው በር እስከ ሳሎኑ ጥግ በጎናችን እየተንሸራተትን እንመላለስ ነበር፤ እናቴም ሰሐን ይዛ መንገድ ስታጣ «ኧረ ይኼ ቤት ነው ወይስ ስታዲየም?» እያለች ታጉረመርም ነበር። አባቴ ከሁሉ አብዝቶ የሚያስተምረን መናገርን ነበር። አንዷ ከታለፈች ከኋላ ያለችው የራሷን ተጋጣሚ ትታ ትደርስላታለች፣ ስትደርስም ድምጿን ከፍ አድርጋ «መጣሁ!» ትላለች። እኔ ከፊት ነበርሁ፣ አንጓች ከኋላዬ። እሷ እንዳለች ስለማውቅ ያለ ፍርሃት ኳሱ ላይ እወረወር ነበር፤ ከነጠቅሁ ይጨበጨብልኛል፣ ከሳትሁ ደግሞ ያ ወፍራም ድምፅ «መጣሁ!» ይላል፣ ባላጋራዬም ከአንጓች ደረት ጋር ተጋጥማ ትቆማለች። ለእሷ ያጨበጨበ ሰው ትዝ አይለኝም። ያልገባ ኳስ ማን ያጨበጭብለታል?

ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ብርዱ ከንፈር በሚሰነጥቅበት ወቅት፣ እኛ አሸናፊዎች ሆንን። አሥራ አንድ ለሰባት፣ ዘጠኝ ለስድስት እያልን ነበር የምናሸንፈው፤ የሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ከዳር ቆመው «እነዚህ የሚጫወቱት በኳስ ሳይሆን በሰው ነው!» እያሉ ይስቁብን ነበር። አንጓች ቅዳሜ ቅዳሜ ለአጨዳ ወደ ቁይ እየሄደች፣ እሑድ ማታ መዳፏ ተላልጦ ትመለስና ሰኞ ያንኑ እጇን ዘርግታ ትጫወት ነበር። አባቴ በዚያ ሰሞን ደስታው ልክ አልነበረውም፤ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ አቁሞ ስለ እኛ ያወራል፣ እናቴን እንኳ ቀይ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ የአጥቂና የተከላካይ አቋቋም ያስረዳት ነበር።

ጥምቀት አልፎ ሁዳዴ ሲገባ አንድ ነገር ተበላሸ። ምን እንደሆነ ግን አላወቅንም። ያው አምስታችን፣ ያው ሜዳ፣ ያው ልምምድ ነው፤ ግን ስድስትና ሰባት ብቻ ይገባብን የነበርን ልጆች አሥራ አራት፣ ከዚያም አሥራ ዘጠኝ ይገባብን ጀመር። እናቴ «ጾም ነው፣ በባዶ ሆድ እንዲህ ማሯሯጥ ምን ይሉታል?» ትል ነበር፤ ነገር ግን በገና ጾምም ጾመን አሸንፈን ነበር። ከቡድናችን አንዷ ደግሞ «አውቀውናል፣ አቋቋማችንን ሦስት ጊዜ ያየ ሰው ቀዳዳውን ያገኘዋል» አለች፤ ግን አይተውን የማያውቁ ልጆችም አገቡብን። አባቴ ደብተር ላይ ክብ እየሠራ፣ ከክብ ወደ ክብ ቀስት እየሰደደ ቁጭ ይልና፣ «አጥቂ ሲደክመው ቆሞ ኳስ ይጠብቃል፤ ተከላካይ ግን አንዲት እንኳ ከዘገየች አምስቱም ይፈርሳሉ፤ ግን የዘገየችው ማናችሁ ናት?» ይላል። ዘገየሁ የምትል አልነበረችም። እሱም ማን እንደሆነች አላየም። ስለዚህ ልምምዱን እጥፍ አደረገው፤ እኛም የባሰ ደከምን።

ግማሽ ፍጻሜው ቅዳሜ ሊሆን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እኔ ግቢ ውስጥ ልብስ ሳሰጣ የአባቴ ስልክ ጮኸ። ከቁይ ነበር፣ የእትዬ ጠጅቱ ጎረቤት። አባቴ ሲሰማ ቆየና፣ «ወድቃ? ዳሌዋን? ወጌሻ አይቷታል?» አለ፤ ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልጅቱን እልካታለሁ፣ ግን ከቅዳሜ በኋላ፤ አሁን ባትሰማ ይሻላል» ሲል ሰማሁት። ስልኩን ዘግቶ ዞር ሲል አየኝ። እኔ የአንጓችን መለያ በሁለት እጄ ይዤ ቆሜ ነበር። ትንሽ አይቶኝ ወደ ቤት ገባ። እኔም መለያውን አሰጣሁት። ያን ማታ ከአንጓች ጋር ጎን ለጎን ተኝተን፣ «ስመኝ፣ ምን ሆነሻል? ዝም አልሽ» ብትለኝ፣ «እግሬን አሞኝ ነው» አልኋት፤ እሷም ተነሥታ እግሬን አሸችልኝ።

ቅዳሜ ዕለት ጨዋታው ገና ሲጀመር ጥሩ ነበርን። ከዕረፍት በኋላ ግን አንዲት ፈጣን ልጅ ወደ እኔ ስትመጣ እንደ ልማዴ ኳሱ ላይ ተወረወርሁ፣ ሳትሁ፣ አለፈችኝ፤ ጆሮዬ «መጣሁ!» የሚለውን ሲጠብቅ ምንም አልሰማም። ዞር ስል አንጓች የራሷን ባላጋራ ይዛ ቆማለች፣ እጇም ተዘርግቷል፣ ጉልበቷም ታጥፏል። ኳሱ ገባ። እንደገና አለፉኝ፣ እንደገና አልመጣችም። ሦስተኛው ሲገባ እየጮህሁ፣

«ለምን አትመጭም?» አልኋት።

«የራሴን ያዝሁ» አለች።

አልተቆጣችም። አላለቀሰችም። ፊቷ ላይ ያየሁት ድካም ይሁን ሌላ ነገር እስከ ዛሬ አልለየሁትም። አባቴ ከዳር ሆኖ «አንጓች! እርጃት እንጂ!» እያለ ሲጮህ ቀና ብላ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፤ እዚያው እንደቆመች ቀረች። እኔ ከዚያ በኋላ አንድም ኳስ ላይ አልተወረወርሁም። ሃያ ስድስት ለዘጠኝ ተሸነፍን።

ቤት እንደገባን አባቴ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አንጓች፣ እናትሽን ትንሽ አሟታል፤ ትፈልግሻለች» አላት። «መቼ ነው የሰሙት፣ ጋሼ?» አለችው። አባቴ ወደ እናቴ ዞረ፤ እናቴ ደግሞ የሰማችው ገና በዚያች ሰዓት ስለነበር አፏን ይዛ ቀረች። አንጓች ዳግመኛ አልጠየቀችም፤ ልብሷን ቋጥራ በማግሥቱ ማለዳ መናኸሪያ ወረደች። አስቀድማ ሰምታ ነበር እንዴ? ዓርብ ዕለት ገበያ ሄዳ ነበር፣ ከቁይ የመጣ ሰው አግኝታ ይሆናል። ወይም ፊቴ ላይ አንብባ ይሆናል። ወይም ከመስከረም ጀምሮ የእኔን ስትሸፍን የኖረች ልጅ በዚያን ቀን እግሯ አልችል ብሏት ይሆናል። እያንዳንዱን አስቤ እውነት ነው እልና፣ ሌላውን ሳስብ ደግሞ እሱም እውነት ይመስለኝ ነበር።

አንጓች የዓመቱን ትምህርት አቋርጣ እናቷን ስታስታምም ከረመች። እትዬ ጠጅቱ ክረምቱ ሲገባ ተነሥታ መሄድ ጀመረች፣ ግን በምርኩዝ ነው፤ ልጇ ሦስት ቀን ቀድማ ደርሳ ማርቆስ ሆስፒታል አምጥታት ቢሆን ይሻላት ነበር የሚሉ አሉ፣ በዚያ ዕድሜ ያው ነው የሚሉም አሉ። አባቴ በየወሩ ቁይ እየሄደ እህቱን ይጠይቅ ነበር፣ ምን እንደተባባሉ ግን አልነገረንም። በተከታዩ መስከረም አንጓች ተመልሳ ዘጠነኛን ደገመች፤ ሜዳ ግን አልወጣችም፣ አባቴም ነይ አላላትም። እሱ ራሱ የዚያን ዓመት መከላከል ማስተማር ትቶ የሜዳችንን የተጣመመ ቀለበት አቃንቶ ማግባት ሲያለማምደን ከረመ።

አንጓች አሁን አማኑኤል ከተማ ሱቅ አላት፣ ሁለት ልጆችም ወልዳለች። ባለፈው ወር ልጠይቃት ሄጄ ሳለ፣ ደፍሬ፣ «ያን ቀን ለምን አልመጣሽልኝም?» አልኋት። «የቱን ቀን?» አለች ስኳር እየመዘነች። ስነግራት ሳቀችና፣ «ኧረ እኔ ምን አውቄ፣ እግሬ እምቢ ብሎኝ ይሆናላ! አንች እስከ ዛሬ ይዘሽው ትዞሪያለሽ?» ብላ ስኳሩን ቋጥራ ለደንበኛዋ ሰጠች። ሳቋ የእውነት ነበር፣ ወይም እንደዚያ መሰለኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ እንዲህ ያለው ነገር ለእኔ ባይገባኝም የሚገባው አንድ ትልቅ ሰው አለ ብዬ አምን ነበር፤ ዛሬ አባቴ ያኔ የነበረበት ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ፣ እኔ ዘንድም መልሱ የለም። ያን ሐሙስ ዝም ያልሁት አባቴን ፈርቼ ነው እያልሁ ስኖር ነበር። አሁን የምፈራው ሰው የለኝም፤ አባቴም ጡረታ ወጥቶ ሬዲዮውን ጆሮው ሥር አድርጎ እያንቀላፋ ነው የሚውለው። ሆኖም አንጓች እስከ መኪናው ድረስ ሸኝታኝ፣ አንገቴን አቅፋ ስማኝ፣ «በይ ቶሎ ቶሎ ነይ» ስትለኝ፣ ስልኩን መስማቴን አልነገርኋትም።