የወላጅ ጥሪ ወረቀት

መርሳ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ነርስ ነኝ፤ ተማሪዎቹ «ሲስተር» ይሉኛል። ክሊኒክ የምንለው ድሮ የስፖርት ዕቃ ይቀመጥበት የነበረ ክፍል ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሣጥንና የማይዘጋ መስኮት አለው። ለራስ ምታት፣ ለወር አበባ፣ ለቁስል እበቃለሁ። ስለ ጭንቀት የወሰድኩት ሥልጠና ሁለት ቀን ነበር፤ እሱንም ግማሹን ስለ ምሳው ስናማ ነው ያሳለፍነው።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ በየሳምንቱ «ሆዴን» እያለች ትመጣ ነበር። ማስታገሻ እሰጣታለሁ፤ ትሄዳለች። «አንቺ፣ ሆድሽ ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ብቻ ነው እንዴ የሚያምሽ?» እያልኩ እቀልድባት ነበር። ምን ዓይነት ደንቆሮ ነኝ! አንድ ቀን ግን ክኒኑን አልቀበልም አለች።

«ሆዴን አይደለም፣ ሲስተር። ከጦርነቱ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ተኝቼ በዚያው ብቀር እላለሁ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከጫማዋ ሳታነሳ።

ክው አልኩ። እጇን መያዝ ሲገባኝ ወረቀት ፍለጋ ተነሣሁ። ወልድያ ሄዳ የአእምሮ ሐኪም ማየት አለባት፤ ያለ ወላጅ ደግሞ አልልካትም። ዳይሬክተሩ ቢሮ ማኅተም የተመታበት የወላጅ ጥሪ ወረቀት ነበርና ሞልቼ ሰጠኋት። «ነገ አባትሽን ይዘሽ ነይ» አልኳት። በኛ ትምህርት ቤት ያ ወረቀት የሚሰጠው ለተደባደበ፣ አጥር ለዘለለ፣ ፈተና ለኮረጀ ነው። እኔ እቴ፣ መች አስቤው! የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

በማግስቱ ከአንዲት ሴት ጋር መጣች። «አባቴ አልተመቸውም፤ አክስቴ ናት» አለች። ልጅቷን ውጪ አግዳሚ ላይ አስቀምጬ ለሴትዮዋ ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ ያለችኝን፣ ብቻዋን መተው እንደሌለባት፣ ዛሬውኑ ወልድያ መሄድ እንዳለባት። የሴትዮዋ ፊት ዓመድ መሰለ።

«ያ አላህ! እትዬ፣ እኔ አክስቷ አይደለሁም» አለች። «ወላሂ፣ መናኸሪያው በር ላይ ማንጎ ሻጭ ነኝ። ‹አባቴ ይህን ወረቀት ካየ ይገርፈኛል፣ አክስቷ ነኝ በይልኝ› ብላ ብታለቅስ አንጀቴን በላችው።»

ተማሪዎች ይህን ያደርጋሉ፤ መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ለምነው አጎት፣ አክስት ብለው ያቀርባሉ። ሲነቃባቸው አስተማሪዎች ይሥቃሉ፤ እኔም አብሬ ሥቄ አውቃለሁ። በሩን ከፈትኩት። አግዳሚው ላይ ማንም የለም። ያን ሁሉ ስለፈልፍ መስኮቱ ክፍት ነበር።

ሽንት ቤት አየሁ፣ ቤተ መጻሕፍት አየሁ፣ አጥር ለአጥር ሮጥኩ። ዘበኛው «አሁን ነው የወጣች፤ ሲስተር ልካኝ ነው ብላ» አሉኝ። ገደልኳት፣ በገዛ እጄ ገደልኳት እል ነበር፤ በአፌ ይሁን በልቤ አላውቅም። ሴትዮዋ ሻርፗን ጠምጥማ «አስፋልቱን! አስፋልቱን እንይ!» እያለች ከፊቴ ትሮጣለች። የደሴና የወልድያ መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ ያልፋሉ፤ አንዱ ሲጢጥ ባለ ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ።

መናኸሪያው በር ላይ፣ ከማንጎው ክምር ጎን ቁጢጥ ብላ አገኘናት። ሴትዮዋ ዘላ አቀፈቻት። «ዕቃሽን ማን ይጠብቅ ብዬ ነው» አለቻት ልጅቷ። ወደኔ ግን አልተጠጋችም።

«ሲስተር፣ ጥፋቴ ምንድን ነው?»

«ምንም ጥፋት የለብሽም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን በቅጣት ወረቀት ጠሩኝ? ለአንቱ ብቻ ነበር እኮ የተናገርኩት። አሁን ማንጎ ሻጯም አወቀች።»

ይቅርታ አልኳት፤ ደጋግሜ አልኳት።

አባቷ ዘንድ አብሬያት ሄድኩ። እንደፈራችው አልተቆጡም፤ «አላህ ያሽራት» ብለው ከብቶቻቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው አብረውን ተሳፈሩ። ወልድያ ስንደርስ ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እሷ ሳብ አድርጎ ምን እንደሚሰማት በለሰለሰ ድምፅ ጠየቃት። ዞር ብላ እኔን አየችኝ።

«ደህና ነኝ» አለችው። «ምንም አይሰማኝም።»