እንጅባራ የገባ ባሕር

ምህረቴ ፎቶ አንሺ ነው። እንጅባራ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለች ፎቶ ቤቱ የብዙ ሰው ሠርግና ምርቃት በእጁ አልፏል። ደንበኞቹን የሚያስቀምጠው ባሕር በተሳለበት ሰማያዊ ሸራ ፊት ነበር። ሸራውን የሳለው ሰውም፣ ፎቶ የሚነሡትም፣ ምህረቴ ራሱም ባሕር አይተው አያውቁም።

በ2007 ዓ.ም. የፎቶ ወረቀት ሊገዛ አዲስ አበባ ሄዶ፣ በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ሲያልፍ አንድ የዓሣ ሱቅ መስኮት ላይ ዓይኑ ተተከለ። በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ነጭ መቀነት የታጠቁ ብርቱካንማ ዓሦች ይዋኛሉ። ከሥራቸው ድንጋዩን የሸፈነ አበባ የመሰለ ነገር ይወዛወዛል። የሱቁ ባለቤት ሙእሚን የሚባል ወጣት ነበርና ወጥቶ፣ «ይግቡ፣ ከውስጥ ይሻላል» አለው።

«ይኼ አበባ ምን ይባላል?»

«አበባ አይደለም፤ እንስሳ ነው። ኮራል ይባላል። ዓሦቹ ደግሞ ክላውንፊሽ ናቸው። ጎጃሜ ነዎት?»

«የእንጅባራ ሰው ነኝ።»

«እኔ የጫግኒ ልጅ ነኝ» አለና ሙእሚን ወንበር ሳበለት። ወሬው ሲያልቅ የፎቶ ወረቀት የሚሸጡት ሁሉ ዘግተው ነበር።

እቤት ሲመለስ ለሚስቱ ለስሜነሽ የነገራት ስለ ወረቀቱ ሳይሆን ስለ ባሕሩ ነው። ስሜነሽ በጤና ጣቢያ የክትባት ክፍል ትሠራለች፤ ሥራዋ መድኃኒት ቅዝቃዜውን እንዳያጣ መጠበቅ ነው። አዳምጣው ስታበቃ፣ «ውኃው ስንት ዲግሪ ይፈልጋል?» አለችው። ምህረቴ አላወቀም። «እሱን ሳታውቅ ነው ዓሣ የምታሳድገው?» ብላ ሳቀች። እሱ ግን እሺ እንዳለችው ቆጠረው።

መስኮት ሠሪው መስተዋት ቆርጦ በሲሊኮን አጣብቆ ለፎቶ ቤቱ ገንዳ ሠራለት። የመጀመሪያ ቀን ውኃ ቢሞሉት አንጠባጥቦ ወለሉን አራሰውና እንደገና ተጣበቀ። የእንጅባራ ክረምት አያሳፍርምና ምህረቴ ግቢው ውስጥ ላስቲክ ወጥሮ ንጹሕ የዝናብ ውኃ አጠራቀመ፤ የቆርቆሮው ዝገት እንዳይገባበት ከጣሪያ የሚወርደውን አልነካም። ለባሕር ዓሣ የሚሆነውን ጨው፣ አሸዋውን፣ ድንጋዩን፣ ማሞቂያውንና የአየር መንፊያውን ሙእሚን በአውቶቡስ ላከለት። ከዚያ በኋላ የቀረው መጠበቅ ነበር። ገንዳው ሳይበስል፣ ማለትም ውኃውን የሚያጠሩት ጥቃቅን ሕዋሳት ሳይራቡበት፣ ዓሣ አይገባበትም።

ምህረቴ መጠበቅ አይችልበትም። ድንጋዩ ላይ ቡናማ አተላ የመሰለ ነገር ሲወጣ ደንግጦ ደወለ።

«ጥሩ ነው» አለው ሙእሚን። «እየበሰለ ነው፤ ይታገሡ።»

ፎቶ ሊነሣ የመጣ ሁሉ ድንጋይና ውኃ አይቶ እየሳቀ ሄደ። ምህረቴም አብሮ ይስቅና ሰው ሲወጣ ተመልሶ መስተዋቱ ላይ ይለጠፋል።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሙእሚን «ይምጡ» አለው። ምህረቴ ሱቁ ሲደርስ እንደ ልጅ እጁን ማስቀመጫ አጥቶ ነበር። ከሁሉ አስቀድሞ የጠቆመው ረጃጅም ጣቶቹን ወደሚያወዛውዝ፣ አኔሞን ወደሚባል ትልቅ የባሕር እንስሳ ነው። በስልኩ ባያቸው ቪዲዮዎች ዓሦቹ በእነዚያ ጣቶች መካከል ይተኛሉ።

«ይኼን ነው የምፈልገው።»

«ይቅርብዎት ጋሽ ምህረቴ። ይኼ ካልተመቸው ተነሥቶ ይሄዳል፤ በሄደበት ያገኘውን ኮራል ሁሉ ይለበልባል። አዲስ ገንዳ ውስጥ ደግሞ አይበረክትም። ከሞተ ውኃውን አበላሽቶ የቀሩትንም ይጨርሳቸዋል።»

«ታዲያ ዓሦቹ የት ሊተኙ ነው?»

«እነዚህ ገንዳ ውስጥ የተፈለፈሉ ናቸው፤ ያለ አኔሞን መኖር ለምደዋል። እነሱም ባሕር አያውቁም።»

ይኼ ምህረቴን በጣም ደስ አለው። ቀጥሎ ቅርንጫፉ ሐምራዊ የሆነ፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ኮራል ላይ ቆመ።

«እሱ ብርቱ መብራት ይፈልጋል፤ ውኃውም ከቀን ቀን መለወጥ የለበትም» አለ ሙእሚን። «እንጅባራ መብራት ይጠፋል?»

ምህረቴ ወደሚቀጥለው አለፈ።

ሙእሚን ለጀማሪ የሚሆኑትን ለብቻ አስቀምጦለት ነበር። አንደኛው ጠፍጣፋ፣ ቀይ እንጉዳይ የሚመስል ነው፤ ብዙ ብርሃን አይጠይቅም። ሌላው የሸሚዝ ቁልፍ የሚያካክሉ ባለ ብዙ ቀለም ክቦች ተሰብስበው የሚኖሩበት ነው። «ይኼን በባዶ እጅ እንዳይነኩት፤ መርዝ አለው። ጓንት ያድርጉ» ብሎ አስጠነቀቀው። ከእነዚህ አጠገብ ድንጋዩን ያለበሰ፣ ነፋስ እንደነካው ሣር የሚርመሰመስ አረንጓዴ ነበር።

«ይኼስ?»

«ይኼ እንደ ሰርዶ ነው፤ ከያዘ አይለቅም። ለብቻው ድንጋይ ላይ ካላደረጉት ሌሎቹን ይውጣቸዋል።»

ሰርዶ ለምህረቴ እንግዳ አይደለም። ሦስቱንም መረጠ። ለዓሦቹ ተራ ሲደርስ ቀለሙ እሳት በመሰለ አንድ ትልቅ ዓሣ ልቡ ተሰረቀ። ሙእሚን ምግብ በተነበት። ሌሎቹ ሲሻሙ ያ ዓሣ ጥግ ይዞ ቁና ቁና ይተነፍሳል።

«መልኩን አይዩ፤ የሚበላውን ይዩ። አንዱ ተለቅ፣ አንዱ አነስ ያለ ይሁን። እኩያ ከሆኑ ይጣላሉ።»

ምህረቴ ጎንበስ ብሎ ብዙ አየ። የመሐል መቀነቷ ከወገቧ ላይ የተቆረጠ አንዲት ዓሣ ከምግቡ ሁሉ ቀድማ ትደርሳለች፤ በሄደችበት አንድ ትንሽ ዓሣ ይከተላታል። «እነዚህን» አለ።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ፣ ዓሦቹና ኮራሎቹ ያሉባቸውን አየር የተሞሉ ላስቲኮች በፎም ሣጥን ይዞ አውቶቡስ ላይ ተሳፈረ። ስሜነሽ የክትባት ሣጥን እንደሚያዝ አድርጋ አሠልጥናዋለች፤ ቴርሞሜትር ሰጥታዋለች፤ ለብ ያለ ውኃ የያዘ ጠርሙስ ላስቲኮቹን ሳይነካ ጥግ እንዲቀመጥም ነግራዋለች። ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ሙቀቱ በረታና ጠርሙሱን አውጥቶ የሣጥኑን ክዳን ገለጥ አደረገ። አጠገቡ የተቀመጡት እማማ ሸጋ የሚባሉ የጥሊሊ ሴት አንገታቸውን አስግገው አዩ።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«ዓሣ ነው እማማ።»

«ለጾሙ ነው?»

«የሚበላ አይደለም። እንዲሁ የሚታይ ነው።»

እማማ ሸጋ እንደገና አዩ። «አቤት የሱ ሥራ» አሉ ቀስ ብለው። ደጀንን አልፈው ብርዱ ሲጀምር ሳይጠየቁ ጋቢያቸውን አውልቀው ሣጥኑን ጠቀለሉት። ወሬው ከወንበር ወንበር ተዛምቶ፣ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ሾፌሩ ሳይቀር «ዓሦቹ ደኅና ናቸው?» ይል ጀመር። ጥሊሊ ላይ እማማ ሸጋ ሲወርዱ ጋቢያቸውን ተቀብለው ሣጥኑን እንደ ሕፃን ዳበሱት።

እንጅባራ ሲደርስ መብራት ጠፍቷል። ምህረቴ ከባጃጁ ወርዶ በሩን በክርኑ ከፈተ። ገንዳው በብርድ ልብስ ተጠቅልሏል። ስሜነሽ ሙቅ ውኃ የተሞሉ ጠርሙሶች ውስጡ አንሳፍፋ፣ የአየር መንፊያውን ከባትሪ ጋር አገናኝታ፣ ቴርሞሜትሩን እያየች ቆማለች።

«አልቀዘቀዘም። ቶሎ በል» አለችው።

ላስቲኮቹን ገንዳው ላይ አንሳፍፈው፣ የገንዳውን ውኃ በስኒ እየጨመሩ አለማመዷቸውና ለቀቋቸው። ዓሦቹ ድንጋይ ሥር ገቡ። ኮራሎቹ ግን ጭምድድ ብለው የሞቱ መሰሉ። ምህረቴ እራት አልበላም።

መብራቱ በማግስቱ ጠዋት መጣ። እኩለ ቀን ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሲያይ ከአረንጓዴው ጠርዝ አንዲት ጫፍ ብቅ አለች። ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ድንጋዩ በሞላ ለመለመ። ጤና ጣቢያ ደወለ።

«ተከፈተ» አላት።

«ምኑ?»

«ሰርዶው!»

ስሜነሽ በምሳ ሰዓቷ ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ መጣች። ዓሦቹ ወጥተው ነበር። ባልና ሚስት ምሳ ሳይበሉ ሰዓቱ አለቀባቸው።

መብራት መጥፋቱ አልቀረም፤ እነሱም ባትሪና ጠርሙስ ማዘጋጀቱን ለመዱት። ከቁልፍ መሳዮቹ ኮራሎች ገሚሱ አንድ ክረምት ላይ ሞተባቸው፤ ሰርዶው ግን አደገ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ እሑድ፣ ምህረቴ ዘንገና ሐይቅ ዳር ሙሽሮች ሲያነሣ ስልኩ ጮኸ። ስሜነሽ ነበረች። ዓሣዋ ድንጋዩ ላይ ዕንቁላል ጥላለች፤ ትንሹ ወንዱ በክንፉ እያራገበ ማንንም አላስቀርብ ብሏል።

ምህረቴ ካሜራውን ዝቅ አደረገ። «ይቅርታ፣ ፎቶ ቤት ደርሼ ልምጣ» አለ።

ሙሽራው ደነገጠ። «ምን ተፈጠረ?»

ሲነግራቸው ሙሽሪት ቀሚሷን ሰብስባ መኪናው ውስጥ ገባች። «እኛም እንይ» አለች። ሚዜዎቹም ተከተሉ። ጠባቧ ፎቶ ቤት በሠርገኛ ሞላች፤ ስሜነሽ ዓሦቹ እንዳይረበሹ «ቀስ፣ ቀስ» እያለች ሁለት ሁለቱን ወደ ገንዳው ታስጠጋለች። ሙሽሪት ቬሏን ወደ ኋላ ጥላ መስተዋቱ አጠገብ ተንበረከከች። ብርቱካንማዎቹ ዕንቁላሎች ጤፍ አክለው ድንጋዩ ላይ ተደርድረዋል። ምህረቴ ከጎኗ ተንበርክኮ የትኛዋ እናት፣ የትኛው አባት እንደሆነ ያሳያት ጀመር።